ከሐጂ የተዋስነው ቴሌቪዥን

ባለቤቴ ከውጭ አገር ትምህርቱ ሲመለስ አርባ ምንጭ ቴሌቪዥን ገና በቅጡ አልገባባትም ነበር። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ የእጅ ሥራ። የዘመኑ ሰው ከውጭ ሲመጣ ሙሉ ልብስ ወይም ቴፕ ይዞ ይገባል። የኔው ግን ከሻንጣው ያወጣው በላዩ የላቲን ፊደል የተደረደረበት ጥቁር ዕቃ ነበር።

"ኮምፒውተር ነው" አለኝ።

"ታዲያ ፊቱ የታለ?"

"ፊቱ ቴሌቪዥን ነው። እሱን እዚህ አላጣም ብዬ ነው።"

ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ፤ ከስልጤ መጥተው ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር የጅምላ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጡት ባለ እንጨት ሣጥን ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ዳንቴል ለብሶ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጧል። ሲከፈት ከካፊያ በቀር የሚያሳየው የለም። "አዲስ አበባ ዛሬም ይዘንባል" እያሉ ይስቁበት ነበር። ባለቤቴ ሄዶ ጉዳዩን ሲያስረዳቸው አላንገራገሩም።

"ለአንተ ከሠራልህ ውሰደው፤ ለእኔም ቤቱ ይሰፋልኛል። ሥርጭቱ የጠራ ቀን ግን እመጣበታለሁ።"

በጋሪ አመጣነው። ባለቤቴ የኮምፒውተሩን ገመድ በቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ሰክቶ የጣቢያ መፈለጊያውን ብዙ ካዞረ በኋላ ካፊያው ጠፋና ፀጥ ያለ ነጭ መስክ ወጣ። እሱ ቁጥሮቹን ሲደረድርበት ከረመ። እኔን የቆጨኝ ማሽኑ ፊደላችንን አለማወቁ ነው። "ነጥብ በነጥብ ካልሳልነው አይሆንም" አለኝ። ይህ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ተማሪዎቼን ጥልፍ የማስተምረው በዚሁ መንገድ ነበር። ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ ፊደሉን እኔ እነድፋለሁ፣ እሱ ካሬውን እየቆጠረ ያስገባል።

በዚያ ሰሞን አማቴ ከአገራቸው ከገረሴ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ወደ ሶዶ ለሕክምና ልንወስዳቸው ተራ እንጠብቃለን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ማንበብ የቻሉ ሴት ናቸው፤ ከዓይናቸው ይልቅ የሚያሳዝናቸው ንባቡ መቅረቱ ነበር። ከልጃቸው ጋር በጋሞኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር፣ እኔ ወላይታ ስለሆንኩ፣ በአማርኛ። በአማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት።

እሑድ ከሰዓት መጋረጃውን ጋርደን የመጀመሪያዋን ቃላችንን ጻፍን። እያንዳንዱ ፊደል ሰሐን ያህላል። አማቴ ጥግ ይዘው ቦሎቄ ይፈለፍሉ ነበር።

"ውሃ ይላል" አሉ።

ሁለታችንም ዞርን። "ይታይዎታል?" አልኳቸው።

"ይህን ግንድ የሚያህል ፊደል ማን ይስታል?" አሉና ቦሎቄውን ትተው በርጩማቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ከዚያ ልጃቸውን "የልጄን ስም ጻፍ" አሉት።

"የእኔን?"

"አንተ እዚህ አለህ። የታናሽህን።"

ታናሹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል፤ ደብዳቤውም ቆሟል። እኛ ቤት ስሙ አይነሳም ነበር። ሬዲዮኑ ስለ ግንባር ሲያወራ ባለቤቴ ተነስቶ ይዘጋዋል። የእናቱ ሆድ እንዳይባባ ብለን ነው፤ ተነጋግረን እንኳ አይደለም፣ እንዲያው ሁለታችንም ያደረግነው ነው።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። ወረቀቱን ሳብኩና መንደፍ ጀመርኩ። የመጨረሻው ፊደል እግር አልገባ ብሎኝ ሁለቴ አጠፋሁት። እሱ ካሬውን እየቆጠረ ያስገባል፣ ስሙም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወጣል። አማቴ በመሠረተ ትምህርት እንዳስተማሯቸው መጀመሪያ ፊደሉን ለየብቻ፣ ከዚያ አገጣጥመው አነበቡ። ከዚያ በአንባቢ ድምፅ ሳይሆን፣ ከጓሮ ልጅ እንደሚጠሩ አድርገው ጠሩት።

"እዚህ ቤት ከገባሁ ስሙን የሚጠራው ሰው አጣሁ" አሉ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። "መርዶው ደርሷችሁ ቀን የምትጠብቁ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሽማግሌዎች መጡ እላለሁ።"

ባለቤቴ ፊቱን ከማሽኑ አላነሳም። "ምንም አልሰማንም እማዬ። በእውነት ምንም አልሰማንም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

እኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው ነው ዝም የሚለው። ለካስ በዝምታችን ያልሰማነውን መርዶ ስንነግራቸው ከርመናል።

ከዚያ ወዲያ የልጁ ስም በየቀኑ ይነሳ ነበር። ኩልፎ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ልብሱን ዝንጀሮ እንደወሰደበት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባለቤቴ እንኳ አያውቀውም። ሶዶ ላይ አንዱ ዓይናቸው በደንብ በራላቸውና አገራቸው ገቡ። ሥርጭቱ ሲጠራ ሐጂ ራሳቸው ጋሪ ይዘው መጡ፤ ቴሌቪዥኑን አመስግነን መለስንላቸው። ኮምፒውተሩ ፊት አጥቶ ቁምሣጥን ላይ ወጣ።

ደርግ በወደቀ ዓመት ወታደሮች ባዶ እግራቸውን በምዕራብ ዓባያ መንገድ ሲመለሱ ባለቤቴ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር። አንዱ ከወንድሙ ጋር የነበረ ሆኖ ተገኘ፤ ሲሞትም አብሮት ነበር። ዘመዶች በወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ይነገር አሉ። ባለቤቴ "አንድ ቀን አላሳድርባትም" አለ፤ በዚያው ዕለት በጭነት መኪና ወደ ገረሴ ወጣን።

አማቴን በቀትር፣ እንሰት ሲኮተኩቱ አገኘናቸው። ባለቤቴ ቆሞ በጋሞኛ ነገራቸው። መኮትኮቻውን ለቀቁና መሬት ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ጩኸታቸውን ሰምቶ ሲመጣ፣ መርዶ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል ወይ ብሎ ይቆጣን ጀመር። አማቴ ቀና ብለው አዩትና "ተዋቸው፤ እንደሰሙ ነው የመጡት" አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጎናቸው ሳቡኝ፤ አብረን አለቀስን።