የእናቴ ከንፈር

እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝን ዩኒቨርሲቲም አላስለቀቀኝ። ልጅ ሆኜ ወረታ ላይ ጎረቤት ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብ፣ ቀና ብዬ አያታለሁ። የታች ከንፈሯን ከነከሰች፣ አንጀቴ ቢጮህም «ጠግቤያለሁ» ማለት አለብኝ። እንዳላየ ሆኜ የበላሁ ቀን፣ ቤት ስንገባ ጭኔ ይቃጠላል። ቆይቶ ቁንጥጫው ቀረ፤ መንከሷ ብቻ በቃ።

አድጌ የሥነ ልቦና መምህር ሆንኩ። ደወል በሰማ ቁጥር ምራቁ ስለሚዝረበረብ ውሻ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ እኔም ምን አለብኝ፣ አብሬ እስቃለሁ።

የማገባት ልጅ ቤተሰቦች ይፋግ ከተማ ቤታቸው ለምሳ ጠሩን። ሽማግሌ ሲላክባቸው አባትየው መጀመሪያ ልጁን ልየው ብለው ስለነበር፣ ነገሩ ሁሉ በዚያ ምሳ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእናቴ ጋር ሄድን። የሩዝ እንጀራ በዶሮ ወጥ ቀረበ። አባትየው በገዛ እጃቸው ጠቅልለው ወደ አፌ ሲዘረጉ፣ ይሄ የተረገመ ዓይኔ ወደ እናቴ ሄደ። ከንፈሯን ነክሳለች።

«ጠግቤያለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ገና ምንም አልቀመስኩም።

ሰውየው ፈገግ ብለው ደግመው ዘረጉ፤ እንቢ አልኩ። የአማትን ጉርሻ መመለስ ቤቱን መናቅ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፌ ግን አልከፈት አለ። እጮኛዬ ጓዳው በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቴ ደንግጣ በነጠላዋ ከልላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ብላ ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ ቁንጥጫው ሲመጣ ጭራሽ ከመሶቡ ሸሸሁ። አባትየው ጉርሻውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ይሄኔ እናቴ ጉንጯን ይዛ፣ «ጥርሴን አሞኝ ነው የነከስኩት፣ አንተ የማትረባ፤ ብላ እንጂ» አለችኝ። ከዚያ የልጅነቴን ጉድ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችላቸው።

አባትየው እስኪያስላቸው ሳቁ። ያስቀመጡትን አነሱና፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሌላ ጨመሩበት።

«እናቱን እንዲህ የሚፈራ ሚስቱን አያስቸግርም» ብለው አጎረሱኝ። ልጃቸውን ሰጡኝ ማለት ነው። እንባዬ እየወረደ አላመጥኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ በርበሬ።

እጮኛዬ ግን ጓዳው በር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ዛሬ ሚስቴ ናት፤ ሰው ቤት ተጠርተን ወሬ ሳበዛ የታች ከንፈሯን ትነክሳለች። አንድ ጊዜ፣ «ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» ብያት ነበር። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።