ጋሽ ይመር ዱዓ ያደረጉበት ሥልጠና

ማክሰኞ፣ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፤ ደሴ

ሚኒባሱ ከሆቴሉ በር ሲነሳ ከሾፌሩ ሌላ አስራ አንድ ነበርን፦ በቅርቡ ወደ ዓረብ አገር የሚመደቡ ስድስት ዲፕሎማቶች፣ አብረዋቸው የሚሄዱ ሁለት የፖሊስ አማካሪዎች፣ አሠልጣኛቸው፣ አንዲት አስተባባሪና ለጋዜጣ የምዘግበው እኔ። ሠልጣኞቹ ድንበር ስለሚሻገር ወንጀልና ስለ ፍትሕ ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ተምረዋል። የቀራቸው ወንጀሉን ከምንጩ ማየት ነው። ምንጩ መካነ ሰላም መሆኑ በፕሮግራሙ ላይ ሰፍሯል።

ሾፌሩ እንድሪስ የደሴ ልጅ ነው።

"ደላላ ሊይዙ ነው አሉ?" አለኝ።

"ስለ ደላላ ሊማሩ ነው።"

"እሱስ ይሻላል። ቢያገኙትማ ከመቀመጫቸው ተነስተው ነው ሰላም የሚሉት።"

ሦስት ሰዓት፤ አቀስታ

ብርድ፣ ጭቃ፣ ባና የደረቡ ገበሬዎች፣ ገብስ የጫኑ አህዮች። ሻይ ሁለት ብር። በየኮረብታው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከፖሊስ አማካሪዎቹ አንዱ ኢንስፔክተር ታደለ ያየውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር የሚጽፍ ሰው ነው።

"ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ከገብስ ሽያጭ ነው?" ሲል ሻይ ቀጂዋን ጠየቃት።

"የጅዳ ነው ጌታዬ። የገብሱ ያ ሳር ክዳኑ ነው።"

ጻፈው።

ስምንት ሰዓት፤ መካነ ሰላም

አዳራሹ ውስጥ "ባለድርሻ አካላት" ይጠብቁናል፦ መምህራን፣ ቄስ፣ ኢማም፣ ከስደት የተመለሱ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች። እዚህ አገር ስብሰባ ያለ ዱዓ አይከፈትም። ዱዓውን ያደረጉት ጋሽ ይመር የሚባሉ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ዲፕሎማቶቹም አሉ።

አሠልጣኙ ትምህርቱን ቀጠለ። "ደላላው ብዙውን ጊዜ ለአካባቢው እንግዳ ነው፤ ማኅበረሰቡ አያውቀውም።" ጋሽ ይመር ራሳቸውን እየነቀነቁ ማስታወሻ ያዙ።

ከዚያ የተግባር ልምምድ መጣ። ዳዊት የተባለ ወጣት ዲፕሎማት ቆንስል ሆነ። ልጇ የጠፋባት እናት እንድትሆን የተመደበችው አስተባባሪዋ ናት። ገና አፏን ሳትከፍት ከኋላ ወንበር አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ብድግ አለች።

"እኔ እያለሁ ምነው?"

እትዬ አለሚቱ ከከላላ በእግሯ የመጣች ናት። ልጇ ብርቱካን የባሕር ማዶ እስር ቤት ውስጥ መታየቷን አንዲት ተመላሽ ነግራታለች። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ ሦስት ጊዜ የመጣላት መልስ አንድ ነው፦ በዚህ ስም የተመዘገበ ዜጋ የለም።

ዳዊት በተማረው መሠረት ጠየቃት። "ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ማን ነው?"

"እሱን አላውቀውም ልጄ። ሲልኳት ስሟን ቀይረውታል። የሚያውቁት ጋሽ ይመር ናቸው።"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። የተገረመ የአገር ሰው ግን አላየሁም። ኢንስፔክተሩ ተነስቶ እሳቸው ወደተቀመጡበት የፊት ወንበር ሲራመድ ሴትዮዋ ቀድማ መሐል ቆመች።

"እንዳትነካቸው! ስሟ እሳቸው ዘንድ ነው። ብታስራቸው ማን ይነግረኛል?"

ከዚያ ወደ ጋሽ ይመር ዞረች። "ቤትዎ ድረስ ስመጣ ረሳሁት አሉኝ። ዛሬ ግን ዱዓ አድርገው ነው የተቀመጡት። ዱዓ ባደረጉበት አፍ ረሳሁ ይበሉኝና ልሂድ።"

ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ መሬት መሬት አዩ። "ይኼ ሰውዬ ይጽፋል እኮ" አሉ፣ ወደ ኢንስፔክተሩ እያመለከቱ።

አሠልጣኙ ሰዓቱን ተመለከተና የዕለቱን ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። "የሻይ እረፍት። በእረፍት የሚባል ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።"

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ዘጋ። ጋሽ ይመር ዳዊትን ወደ መስኮቱ ወስደው ተናገሩ። "ዘሀራ ነው የሚለው። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት።"

"አስራ ሰባቷ ነው እኮ!" አለች እናቷ።

ማምሻውን የተሳትፎ የምስክር ወረቀት ሲታደል ጋሽ ይመርም ተቀበሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ኢንስፔክተሩ አላጨበጨበም። ጉዳዩን ለአካባቢው ባልደረባው ሊያመለክት ሄዶ ሲመለስ ያገኘውን መልስ ነገረኝ። "ጋሽ ይመርን? እህቴን የላኩልኝ እኮ እሳቸው ናቸው!"

ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት፤ ከአቀስታ በላይ

ኔትወርክ ሲመጣ እንድሪስ ሳይጠየቅ መኪናውን አቆመ። ዳዊት ጠዋት የልጅቷን ስም የላከለት፣ እስር ቤቱ ባለበት ከተማ ቆንስላ የሚሠራ ጓደኛው ደወለ።

"ዘሀራ? አለች። አራት ወር ሙሉ ዝርዝራችን ላይ ናት። ጠያቂ የሌላቸው ከሚለው ሥር ነው የጻፍናት። ዛሬ ጠዋት ቆጠራ ላይም ነበረች።"

ዳዊት ወዲያው የእትዬ አለሚቱን ጎረቤት ስልክ መታ። እስክትጠራ ጠበቅን። መገኘቷን ነገራት። እናትየው አላለቀሰችም።

"በዚያ ስም ሲጠሯት አቤት ትላለች?"

"ትላለች እትዬ። ዛሬ ጠዋትም ስም ሲጠራ አቤት ብላለች።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች እትዬ አለሚቱ። "እንግዲያ እኔም እለምደዋለሁ።"