ጋሻው የላካቸው ሁለት መዳፎች

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ከመሐል ሜዳ ከተማ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። አለቃዬ ሲስተር አስናቀች ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጓንት አቀበሉኝ። ገና የተገላገለች የአንዲት ሴት እንግዴ ልጅ በሳህን ላይ ዘርግተው፣ ጎዶሎ መሆን አለመሆኑን እንዴት እንደማይ አሳዩኝ። ትንሽ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ሴትዮዋን ደም ይጨርሳታል አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያን ሳህን ያለ ፍርሃት አይቼው አላውቅም።

በኋላ ስልክ መጣና የቴሌግራም ግሩፕ አበጀን። ቃል አጠረ፣ ምልክት በዛ። ሁለት መዳፍ የተገጠመባት ምልክት ለሁሉም ታገለግል ነበር፤ ተረኛ ለተካን ምስጋና፣ መድኃኒት ላኩልን ስንል ልመና፣ ሰው ሲሞት ነፍስ ይማር። ተምታታብን የሚል አልነበረም፤ ወሬው ሁልጊዜ ከላይ ተጽፎ ይገኛላ።

ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ አንድ የክረምት ጠዋት ይመኙሻል የምትባል ወላድ ደሟ አልቆም አለ። መርፌ ወጋሁ፣ ማህፀኗን አሸሁ፣ በሁለቱም ክንዷ ጉሉኮስ ሰካሁ። ይቆማል ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አልቆመም። ከሕፃኑና ከአንዲት ነርስ ጋር በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። እኔ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ስለነበረች ቀረሁ።

ረፋዱ ላይ ለሾፌሩ ለጋሻው «ደረሳችሁ? እንዴት ናት?» ብዬ ጻፍኩለት። የመጣልኝ ሁለቱ መዳፎች ብቻ ነበሩ። ልደውል ስል ኔትወርክ ጠፋ።

ልጅ እግሩ ኃላፊያችን ስልኩን ተቀብሎ አየና ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ ነፍስ ይማር ነው።»

ምስጋና ይሆናል አልኩት። ምስጋና ቢሆን ተርፋለች ብሎ ይጽፍ ነበር አለኝ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። ጋሻው ሞተች ብሎ ያልጻፈው ለዚህ ነው ብዬ አመንኩ። ያቺን ግማሽ ሰዓት እያሰብኩ ገደልኳት አልኩ።

የይመኙሻል የባሏ አባት በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ሰማሽ ልጄ? ኪዳነ ምሕረት ደጅ ሄጄ ልለምንላት?»

ፊቴን ወደ መድኃኒት መደርደሪያው አዙሬ፣ ደርሰዋል አልኳቸው። ቤትዎ ይግቡና እህል ይቅመሱ አልኳቸው። ለሞተች ምን ይለምናሉ ብዬ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ኃላፊው መርዶ የሚያረዱ ሰዎች ማፈላለግ ጀመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ መጣና ጋሻው ደወለ።

«ከኦፕራሲዮን አሁን ወጣች፣ ነፍሷ አለች። ያኔ መልእክቱ ሲደርሰኝ እኔ ደም እየሰጠሁላት ነበር፤ በአንድ እጄ መጻፍ አቃተኝ። ጸልዩላት ማለቴ ነው። ጸለያችሁ?»

«አዎ» አልኩት።

ዋሸሁ። እሷ ከሞት ጋር ስትታገል እኛ መርዶ ነጋሪ ስንፈልግ ነበር የዋልነው። ሊለምኑላት የተነሱትን አንድ ሰው ደግሞ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ይመኙሻል ልጇን ታቅፋ ተመለሰች። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ምልክት መልስ አይደለም። ሰው በሕይወት ካለ፣ አለ ብላችሁ ጻፉ።