ኢክላስ ለራሷ ስትደውል

ኢክላስ ኮምቦልቻ ስትማር ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። የአንደኝነቷ ምስጢር ሽምደዳ ነው። መጽሐፉን ከነነጠላ ሰረዙ ትውጠዋለች፤ ፈተና ላይ እንደዋጠችው ታወጣዋለች። ከራሱ አንድ ቃል የጨመረ ተማሪ «አዋቂ ነኝ ባይ» ይባል ነበር። እኔም በዚያው ስላደግሁ አልፈርድባትም።

ዲቪ ደርሷት ዳላስ የመጣችው ኢኮኖሚው ወድቆ ሰዉ ሁሉ ከሥራ በሚቀነስበት ሰሞን ነው። ግራንድ ፕሬሪ የሚባል ከተማ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸገች አርሊንግተን ኮሌጅ ጀመረች። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ለዚያ ስለ ሰውነት ክፍሎች የሚሰጠውን ትምህርት ማለፍ አለባት፤ ወሰደችውና ወደቀች። ዳግም ከወደቀች የነርሲንጉ በር ይዘጋባታል።

የወደቀችው ሳታነብ ቀርታ አይደለም። ስለ ኩላሊት ሙሉውን ምዕራፍ በእንግሊዝኛ በቃሏ ትወጣዋለች። ፈተናው ግን «አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰው ቢውል ኩላሊቱ ምን ያደርጋል?» አላት። «እንዲህ ያለ ሰውዬ መጽሐፉ ላይ የለም!» ብላ ተናደደች። አሁን ስታወራው ትስቃለች፤ ያን ቀን ግን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሌሎቹ ተማሪዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ተሰባስበው ያጠናሉ። እሷን «ነይ» ያላት የለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባለ ያደገ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ራሱን ይጋብዛል?

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ቤቷ መልእክት የሚቀዳ ስልክ አለ፤ የሚደውልላት ስለሌለ ባዶ ነው። በእረፍት ሰዓት ከሞባይሏ ወደ ቤቷ እየደወለች ከመጽሐፉ ታነብለታለች። ስትገባ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች። ያው ሽምደዳ ነው፣ በስልክ ሆነ እንጂ።

አንድ ቀን መጽሐፉን ቤት ረሳችው። ስልኩ ጢጥ ብሎ መቅዳት ጀመረ። ግራ ገባትና በአማርኛ ቀጠለች። «ስሚ እንግዲህ፣ ሰውዬው ብዙ አስመልሶታል፣ ሰውነቱ ውሃ አጥሮታል። ኩላሊቱ ያለውን ውሃ ይዞ ያስቀራል፣ ለዚህ ነው ሽንቱ የሚያንሰው። ውሃ ማነሱን ለኩላሊቱ የሚነግረው ደግሞ...» እዚህ ላይ አፏ ተያዘ። አታውቀውም። ምዕራፉን በቃሏ የምትወጣ ሴት ይህን አለማወቋ አስደነገጣት። ያን ቀን መጽሐፉን የከፈተችው ጥያቄ ይዛ ነው፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ዘግታ ነው የምትደውለው፤ ከዌርሃውስም፣ ከኮሌጁ ኮሪደርም። ቤት ገብታ የተደናቀፈችበትን ታዳምጥና እሱኑ ታነባለች። «ስሚ እንግዲህ» ማለቱም ለመደባት። የምትሰማው ግን ያው እሷው ናት፤ ይህ ነገር አንዳንዴ ሆዷን ያባባው ነበር።

አለፈች። ያውም በኤ። ውጤቱ በተለጠፈ ቀን ሐዊ የምትባል እዚሁ አሜሪካ ያደገች የክፍሏ ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«ኮንግራትስ! ማለቴ፣ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ኤክስፕሌን ስታደርጊ አይሽ ነበር። ስተዲ ግሩፕሽ ነው አይደል? ሶ፣ ለሚቀጥለው ክላስ እኔንም አድ አድርጊኝ። እኔ ማንም የለኝም።»

ኢክላስ ፊቷ ጋለ። የማወራው ከራሴ ጋር ነው ትበላት? እብድ ናት ትለኛለች ብላ ፈራች።

«ሞልቷል» አለቻት።

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» አለች ሐዊ፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

እኔ ኢክላስን የተዋወቅኋት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስትነግረኝ ብሽቅ አልኩ። «ሮጠሽ አትጠሪያትም ነበር?» አልኳት።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለች። «አብሮኝ ለሚያጠና ሰው ብዬ እኮ ቤቴ ሁለተኛ ወንበር ገዝቼ ነበር» አለችኝ።