የእትዬ ላቀች ቅል

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሰናይት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው። ከመጋገሪያውም ከዱቄቱም በፊት «ሎጎ» የምትለው ነገር አስጨንቋታል። ያሠራችውን አሳየችኝ። ወርቃማ ዘውድ፣ ከሥሩ የተጠማዘዘ የፈረንጅ ፊደል፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ። «እንዴት ነው አባባ? ያምራል አይደል?» አለችኝ። ማማሩስ ያምራል። ዘውዱን ሳይ ግን መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።

እኔም በወጣትነቴ ሎጎ ሠርቻለሁ፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም እንጂ። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እጄ ለሥዕል ይታዘዝልኝ ስለነበር የትምህርት ቤታችንን የበር ሰሌዳ አስጻፉኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሚችለኝ ጠፋ። ከተማውን ስዞር የማየው ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። የልብስ ሰፊው መቀስ ተንጋዷል፤ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ያሣለው ሰውዬ ደንበኛ ያባርራል። ከሁሉም ያፈርኩበት ግን የጎረቤታችን የእትዬ ላቀች ቅል ነው።

እትዬ ላቀች ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጠላ እየጠመቁ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ቤታቸው በአማኑኤል ከተማ በኩል ወደ ገበያ የሚመጣው ሰው የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ጠላ የሚሸጥ ሁሉ ደጁ ላይ እንጨት ተክሎ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጣሳው ከወረደ አልቋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም። እትዬ ላቀች ግን ጣሳ አይወዱም። በረጅም ሽመል ጫፍ ላይ ጢስ ያጠቆረው ቅል ደፍተው አንገቱን በቀይ ጨርቅ ያስሩታል። ጨርቁ በነፋስ ሲውለበለብ ከሩቅ ይታያል፤ ገበሬው «ከቅሏ ዘንድ ጠብቀኝ» ተባብሎ ይቀጣጠር ነበር። ጠላቸው የዳጉሳ ነው፤ ቀላ ያለ፣ የወይራ ጢስ የሚሸት። ከገብስ ቆሎ ጋር ሲሆንማ ምን ልበላችሁ፤ ተልኬ ስመጣ ስንቴ መንገድ ላይ ተጎንጭቼዋለሁ።

ወሩ ጥር ነበር። አዝመራው ጎተራ ገብቷል፣ ሠርጉ በያለበት ነው፣ ገበያው አቧራው እስኪጨስ ይሞላል። የእትዬ ላቀች የዓመት ኑሮ የሚቃናውም የሚበላሸውም በዚያ ወር ነው። እኔም ወሩን መርጬ ሄድኩላቸው።

«እትዬ፣ ዘመኑ ተለውጧል። ደህና ሰሌዳ ልሥራልዎት» አልኳቸው።

«ቅሉ ምን አደረገህ?» ብለው ሳቁ።

«የባላገር ነገር ነው። የሠለጠነ ሰው አይገባልዎትም።»

«የሚጠጣልኝስ ባላገሩ አይደል እንዴ?»

ሰናይት ዛሬ ከስልኳ ላይ የምትፈልገው ትምህርት በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ለመስማት ጆሮ አልነበረኝም። ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኳቸው። ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እሺ አሉኝ።

የሻይ ቅጠል ሳጥን ፈትቼ፣ ጣውላውን ገጥሜ አረንጓዴ ቀባሁት። መሐሉ ላይ ዘውድ፣ ግራና ቀኝ አንበሳ፣ ከሥር በነጭ ቀለም «የወይዘሮ ላቀች ንጹሕ ጠላ መሸጫ»። ዘውዱንም አንበሶቹንም የቀዳሁት ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ክብር አላውቅም ነበር። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ስማቸውን ቀስ አድርገው ዳሰሱት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣታቸው ነጭ ሆነ። «ስሜ እንዲህ ነው የሚጻፈው?» አሉ። ሰሌዳውን በሩ ላይ ቸነከርኩት። አጠገቡ ሆኖ መልኩን እንዳያበላሽብኝ ሽመሉን ነቀልኩ፤ ቅሉን ወደ ጓሮ ወረወርኩት።

በመጀመሪያው የቅዳሜ ገበያ ከጎረቤት ሰው በቀር የገባ የለም። በሁለተኛውም እንዲሁ። አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ሆምጥጦ ጓሮ ተደፋ። እትዬ ላቀች «የተማረ ሠርቶታል» ብለው ሰሌዳውን አልጠረጠሩም፤ የጠረጠሩት እጃቸውን ነው። ጋኑን በግራዋ አሹ፣ ደግመው ደጋግመው በወይራ አጠኑ፣ ጌሾ ቀየሩ። ዓይን በልቶኝ ይሆናል ብለው ጠበል ሄዱ። «እጄ ከዳኝ» እያሉ መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩት ነበር። ለጠማቂ ሴት ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በአማኑኤል መንገድ ላይ አያ ስማቸው የሚባሉ ገበሬ አገኘሁ፤ የእትዬ ላቀች የቆየ ደንበኛ ናቸው። አህያቸውን አቁመው፣ «ላቀች ወዴት ሄደች?» አሉኝ።

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ቅሏ ወርዷል እኮ። አልጠመቀችም ብዬ ሁለት ገበያ አለፍኩ። አሁን ደግሞ በሯ ላይ አንበሳ አድርገውበታል፤ የመሬት ለኪዎች ቢሮ ሆኗል ይላሉ። ማን ደፍሮ ይገባል?»

ነገሩ ገባኝ። ያን ጊዜ የኛ አገር ገበሬ ዘውድና አንበሳ ያለበትን በር የሚያውቀው ለግብር ሲጠራ ነው። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። «እትዬ እዚያው አሉ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይግቡ» ማለት፣ ከዚያ ሮጬ ሄጄ ሽመሉን መትከል። ግን የክፍል ጓደኞቼ ሰሌዳውን አይተው አድንቀውልኛል፤ የሥዕል አስተማሪያችንም ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። በቅል ተረታሁ ልበላቸው?

«እንጃ፣ ትተውት ይሆናል» አልኳቸው። አያ ስማቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አህያቸውን ነዱ። አስተማሪው እንደ ቀጠሮው መጥቶ አመሰገነኝ፤ እትዬ ላቀች ባዶ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው እሱ ሲያመሰግነኝ ደስ አላቸው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቤቱን ለቀቁ። አማኑኤል ያለው ወንድማቸው ሁለት አህያ ይዞ መጣ። ጋኖቹን ለጎረቤት አከፋፈሉ፤ ሰሌዳውን ግን ራሳቸው ከበሩ አስነቅለው በነጠላቸው ጠቀለሉት። «ይህን ለማንም አልሰጥም» አሉኝ። «የኔ ጌታ፣ እኔን እጄ ቢከዳኝም አንተን እጅህ አልከዳህም። እግዜር ይባርክልህ።» ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም። ለመናገር የነበረኝ የመጨረሻ ጊዜ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠላ አልጠመቁም፤ በወንድማቸው ቤት በጥገኝነት ኖረው እዚያው ሞቱ። እኔ አስተማሪ ሆኜ በዚያ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። አውቶቡሱ አማኑኤል ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፤ እኔ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ እመስላለሁ።

ሰናይት መልሴን እየጠበቀች ነበር። «ዳቦሽን የሚገዛሽ ማነው?» አልኳት።

«የሰፈር ሰው፣ ተማሪ፣ ገበያተኛ።»

«እንግዲያው ዘውዱን አውጪው። ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ዳቦ መኖሩን ይወቅ። ሲያልቅም ማለቁን ይወቅ። ከሁሉ በፊት ግን እነሱን ጠይቂያቸው።»

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

ለባለቤቴ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ዘውዱን ከስልኳ ላይ በጣቷ ነካ አድርጋ አጠፋችው። ይቅር ትለኛለች ብዬ ነው መሰለኝ ፊቷን አየሁት።

«ታዲያ እጃቸው እንዳልከዳቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።