ቢጫው አምፖል

የተቃጠለ ሞተር ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ማራገቢያ ሲጨስ፣ ጎንደር መሆኔን ረስቼ በድንበሯ ከተማ በሸሕዲ ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት የተቀመጥሁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

አባቴ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የቀረ ሰው ነበር። ሁለት ዓመት በወባ እየተንቀጠቀጠ ካጨደ በኋላ እናቴን አግብቶ፣ ከድንበር ማዶ የመጣ አንድ አሮጌ የመላጊያ ማሽን ይዞ አናጢ ሆነ። «ይቺ ሞተር ከሞተች እኔም ወደ ማጭዱ ተመላሽ ነኝ» ይል ነበር፤ የመጨረሻው ወባ ሊገድለው ምንም እንዳልቀረው የምታውቀው እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞር ነበር።

ክረምቱን ሞተሩ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። ኅዳር ገብቶ የከተማው የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽኖች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲነሡ ግን ኤሌክትሪኩ ይደክምና፣ ሞተሩ እያቃሰተ ቢላዋውን ማዞር ያቅተው ነበር። ደግነቱ በሁለት ዓይነት ቮልት መሥራት ይችል ነበር፤ አባቴ መስመሩን አጥፍቶ፣ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ከፍቶ፣ አራቱን ሽቦዎች ፈትቶ በሌላ መንገድ ያስራቸው ነበር። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሙሉ ሲሆን ኃይሉን እንዲካፈሉት አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ይታሰራል፣ ሲደክም ግን እያንዳንዱ ያለውን ሁሉ እንዲያገኝ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ጎን ለጎን ታስረው ሳለ ሙሉው ኃይል ከተመለሰ ሞተሩ አለቀለት። ስለዚህ ከማሽኑ በላይ አንድ ቢጫ አምፖል ሰቅሎ፣ እኔን ከሞተሩ ማብሪያ አጠገብ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር።

«ዓይንሽን ከአምፖሉ እንዳትነቅይ። ሲደምቅ ሞተሩን አጥፊው፣ እኔን አትጠይቂኝ።»

የሰፈር ልጆች ውጭ ሲሯሯጡ እየሰማሁ፣ ዓይኔ እስኪያነባ አምፖሉን አይ ነበር። ትልቅ ሥራ ተሰጠኝ ብዬ መኩራት ሲገባኝ እፈራ ነበር፤ በእንቅልፌ እንኳ ይደምቅብኝ ነበር።

ጥር ላይ ማበጠሪያዎቹ ባንድ ባንድ ይቆሙ ጀመር። እናቴ «አንተ ሰው፣ ሽቦውን ብትመልሰው አይሻልም?» አለችው። እሱ ግን የትምህርት ቤት ወንበር ታዝዞለት ስለነበር «ይቺን ሣንቃ ልጨርስና ነገ» አላት፤ ነገ ሲሆንም ሌላ ሣንቃ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ የሰሊጥ ሠራተኞችን ወደ ደጋ የሚመልስ የጭነት መኪና በደጃፋችን አለፈ። ቆመው እየዘፈኑ ነበር፤ አንዱ እጁን ሲያውለበልብልኝ እኔም ወደ ውጭ ዞሬ አውለበለብሁለት። ፊቴን ስመልስ አምፖሉ ደምቆ ክፍሉ ቦግ ብሎ ነበር። እጄ ማብሪያው ላይ ሲደርስ ከሞተሩ ጎን ጭሱ እየወጣ ነበር። ሰዎቹ የሚሄዱት ሥራው ስላለቀ፣ ኃይሉም የተመለሰው በዚያው ምክንያት እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ዱላ ስጠብቅ «ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ዓይን ላይ አይጣልም» አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በመስከረም ማጭዱን ይዞ ወደ አብርሃ ጅራ የሰሊጥ እርሻ ሄደ፤ በኅዳር ወባ ጥሎት ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሣንቃ የሚያነሣ ጉልበት አላገኘም።

ዛሬ ጎንደር ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። እዚህም መብራቱ ይደክማል፣ መልሶም ይደምቃል። ሲደምቅ ልጆቼ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ግን ሳላስበው ተነሥቼ አጠፋዋለሁ። አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ «ተይው ልጄ፣ ይብራ» ይለኛል። መልሼ አበራዋለሁ፤ እጄን ግን ከማብሪያው ላይ ቶሎ አላነሣም።