በበሩ አልወጣ ያለው ቀለበት

የሮኬቱ ልጅ ይሉታል። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ሁለት ልጆቹን ድሮ ኩሎም ያው የሮኬቱ ልጅ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው አባቱ፣ ሰው ጨረቃን በረገጠ ሰሞን፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ የጨረቃ ሮኬት ቀጥቅጠው ለከተማው የሳይንስ አዳራሽ ሰጥተው ነበር። ዛሬም መግቢያው ላይ ተገትሯል። ሙሽሮች ሳይቀሩ ሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ልጅየው ግን ዕድሜ ልኩን የሠራው አሸንዳ፣ ባልዲና የጭስ ማውጫ ነው። አሸንዳ ሥር ፎቶ የተነሳ ሙሽራ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ዘንድሮ አዳራሹ የጨረቃ ሮኬቶች መታሰቢያ በዓል ሲያዘጋጅ፣ "ከሮኬቱ ጎን ሳተርንን ከነቀለበቱ ሥራልን፤ መንኮራኩሮች ከጨረቃ አልፈው የት እንደደረሱ ልጆቹ ይዩ" አሉት። ልቡ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቱ አንዴ እንኳ የራሱን ነገር ሊያቆም ነው፣ ያውም ከአባቱ ሥራ ጎን።

ሌላው ሥራ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። የጎረቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ እሱ ቀለበት ይቀጠቅጣል። ያየው ሰው ግን አይፈርድበትም። ኳሱ ለስላሳ፣ ቀለበቱ ሰፊ፣ ብየዳው በሞረድ ተልጎ የት ጋ እንደተጋጠመ አይታወቅም። "እንደ አባዬ ሮኬት አንድ ወጥ ነው" እያለ ለመጣ ለሄደው ያሳያል።

የበዓሉ ዋዜማ የጭነት መኪናው የቆርቆሮ ሥራ ቤቱ ደጅ መጣ። አራት ሆነው ተሸከሙት። ቀለበቱ የበሩን ግራና ቀኝ ግጭ። አጋደሉት፣ ግጭ። ገለበጡት፣ ግጭ።

"ጋሼ፣" አለ ሾፌሩ፣ "ይሄን ነገር በየት በኩል ነበር ያስገቡት?"

"አላስገባሁትም። እዚሁ ነው የሠራሁት።"

ሾፌሩ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ይሄ ሰውዬ የሰው ግድግዳ ደጋግሞ ሳይለካ የቆርቆሮ መቀስ አያነሳም፤ የገዛ በሩን ግን ዞር ብሎ አላየውም። ለምን ቢሉ፣ የአባቱ ሮኬት የወጣው በዚሁ በር ነዋ። ያ ሁሉ ሮኬት ከወጣ ምን ሊቀር ነው ብሎ። ሮኬት ቀጭን መሆኑ፣ ሳተርን ደግሞ፣ እንግዲህ ሳተርን መሆኑ ትዝ አላለውም።

ግድግዳው እንዳይፈርስ ፎቁ ላይ ተከራዮች አሉ። የቀረው ቀለበቱን ለሁለት መቁረጥ ነው። መቀሱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። እጁ እምቢ አለው። "የአባዬ አንድ ወጥ ሆኖ ቆሞ የኔ የተጣፈ ሊሆን? ይቅርብኝ፣ አልሰጥም በሏቸው" አለና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

ይሄኔ እናቱ በምርኩዝ እየተደገፉ ከጓዳ ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው በሳቅ ፍርስ አሉ።

"የአባትህ ሮኬት ላይ ያሉትን ሁለት ጥቁር ቀበቶዎች አላየሃቸውም?"

"የሮኬቱ ክፍሎች መለያ ናቸዋ። ክፍሎቹን እየጣላቸው ነው የሚሄደው።"

"እሱማ በኋላ ሰው ያወጣለት ነው። አባትህም አንድ ወጥ አድርጎ ነበር የሠራው። ከበሩ ብቅ እንዳለ ያ ፊት ለፊት ያለው ግንብ ተሸካሚዎቹን አላዞር አላቸው። ቢገፉት፣ ቢስቡት፣ ወይ ፍንክች። እዚያው አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ተቀምጦ አኮረፈ። 'ቁረጠው፣ መገጣጠሚያውን ጥቁር ቀለም ቀባው' ያልኩት እኔ ነኝ። እውነተኛው ሮኬትም ለካ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ኖሯል፣ ማንም ነገሬ አላለውም።"

"ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ እማዬ?"

"ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነዋ። አሁን ግን እያየሁህ እንዴት ዝም ልበል? ይቅር ይለኛል።"

ልጅየው ዕድሜውን ሙሉ ያከበራቸውን አባቱን ያን ቀን ደግሞ በጣም ወደዳቸው። ተነሳና መቀሱን ያዘ።

በማግስቱ ሳተርን ከሮኬቱ ጎን ተሰቀለ። ተማሪዎቿን ይዛ የመጣች አስተማሪ የእውነተኛው ቀለበት አንድ ወጥ ሳይሆን ቁጥር ስፍር የሌለው የበረዶና የድንጋይ ስብርባሪ መሆኑን ለልጆቹ ስትነግር፣ እሱ ደረቱን ነፋ አደረገ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን ወደ ሮኬቱ ቀበቶ፣ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ወዳለው ጥቁር መስመር ጠቆመች።

"ይሄና ያ ለምን ተመሳሰሉ?"

ወንበር ላይ የተቀመጡትን እናቱን አየት አደረገ።

"በአንድ በር ነው የወጡት" አላት።